የእሳት ማጥፊያ ለቤት፤ ለቦሎ ወይስ ለእሳት?

በሐዋሳ ከተማ ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር በብዛት የሚታየው በመኪና ወንበር ሥር፣ በሆቴል ኮሪደርና በፋብሪካ ግድግዳ ላይ ነው፡፡ ባለመኪናው የሚገዛው ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎ ለመለጠፍ ሲሆን፣ ሆቴሉና ፋብሪካው የሚሰቅሉት ደግሞ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ስለሚጠይቃቸው ጭምር ነው፡፡ ተቆጣጣሪ የማይገባበት መኖሪያ ቤት ግን፣ እንጀራ የሚጋገርበትና ልጆች የሚተኙበት ሆኖ ሳለ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ማጥፊያ ይቀራል፡፡ ከተገዛለትም ለመኪና ተብላ የተሠራችው ባለ 1 ኪሎ ሲሊንደር ትሆናለች፡፡

ልዩነቱ ቀላል አይደለም፡፡ ለተቆጣጣሪ የሚገዛ ዕቃ መታየቱ ይበቃዋል፡፡ ለእሳት የሚገዛ ዕቃ ግን መሥራት አለበት፡፡ በመሆኑም ለቤቱ ማጥፊያ ለመግዛት የሚያስብ ነዋሪ የመምረጡንም ሆነ የመቆጣጠሩን ሥራ ራሱ መሥራት ይኖርበታል፡፡

ገዢው የማያየው ጥራት

ሽንኩርት የገዛ ሰው የበሰበሰ እንደገባበት የሚያውቀው በዚያው ቀን ነው፡፡ ጫማ የገዛም ቢበዛ በወር ውስጥ ይለየዋል፡፡ የእሳት ማጥፊያ ግን ለዓመታት ተሰቅሎ ሊቆይ ይችላል፡፡ ጥራቱ የሚታወቀው እሳት በተነሣ ዕለት ሲሆን፣ በዚያን ዕለት ደግሞ ዕቃውን ወደ ሱቅ መልሶ ለመለወጥ ጊዜ የለም፡፡

ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ምን እንደሚከሰት አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ ባወጡት ጽሑፍ አስረድተዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋሩትም በዚህ መስክ በሠሩት ሥራ ነው፡፡ የሐሳቡ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለጥሩው ጨምሮ አይከፍልም፡፡ ጥሩውን የሚያመጣው ነጋዴም ወጪው አልመለስ ሲለው ከገበያው ይወጣል፡፡ መጨረሻ ላይ መደርደሪያው በርካሹ ዕቃ ይሞላል፡፡

ለማለፊያ ብቻ የሚገዛ ማጥፊያ የሚኖረው ገበያ ከዚህ የራቀ አይሆንም፡፡ መፍትሔው ገዢው በዓይኑና በሚዛን ሊያረጋግጣቸው የሚችሉትን ምልክቶች ማወቁ ነው፡፡ ከዚያ በፊት ግን ቤቱ የሚያሰጋው እሳት ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡

እሳቱ ከየት ይነሣል?

አንደኛው ምንጭ ኤሌክትሪክ ነው፡፡ የኤሌክትሪክ ምጣድ በተለምዶ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፡፡ ይህ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ገደማ ይሆናል፡፡ በየሱቁ የሚሸጠው ተራ ዲቫይደር ግን ብዙውን ጊዜ ለ10 አምፔር የተሠራ ነው፡፡ ምጣዱ በዲቫይደር ሲሰካ ሽቦው ይግላል፣ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ እሳትም ይነሣል፡፡

ሁለተኛው ዘይት ነው፡፡ በአሞራ ገደል ዓሣ የሚጠበስበት የፈላ ዘይት በየመኖሪያ ቤቱም አለ፡፡ ሳምቡሳ፣ ፓስቲና ድንች ጥብስ እየጠበሱ የሚሸጡ እናቶች ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ መጠኑ ይበዛል፡፡ ሦስተኛው ቤንዚን ነው፡፡ የነዳጅ እጥረት ሲኖር በጀሪካንና በሃይላንድ ፕላስቲክ ተሞልቶ የሚሸጠው ቤንዚን ባጃጅ ወይም ሞተር ብስክሌት ባለበት ግቢ ውስጥ ያድራል፡፡ ነጭ ጋዝ፣ ቡታጋዝ፣ መብራት ሲጠፋ የሚለኮስ ሻማና ፍራሽ ላይ ተጥሎ ቻርጅ የሚደረግ ፓወር ባንክም ከዚሁ ዝርዝር ይገባሉ፡፡

የቤቱ አሠራርም ለእሳቱ ያግዛል፡፡ በባሕር ዛፍና በጭቃ በተሠራና በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በአቡጀዴ ኮርኒስ በተወጠረ ቤት ውስጥ ነበልባሉ ኮርኒሱን ከነካ በኋላ ከክፍል ወደ ክፍል ለመዛመት ጊዜ አይፈጅበትም፡፡ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከሌላ አካባቢ የመጡ ወጣት ሠራተኞች አንዲት ክፍል ለብዙ ሆነው ሲከራዩ ታይቷል፡፡ እንዲህ ባለችው ክፍል ምድጃው፣ አልጋውና ልብሱ የሚገኙት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ መውጫውም በአንድ በር ነው፡፡

የእሳት አደጋ መኪና መጠራት ያለበት ወዲያውኑ ነው፡፡ ሆኖም መኪናው እስኪደርስ ድረስ ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች የቤቱ ባለቤት ናቸው፡፡ በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ለዚህ ምሳሌ ነው፡፡ የአካባቢው መንገዶች ጠባብነት ማጥፋቱን አስቸጋሪ እንዳደረገው በወቅቱ ተነግሯል፡፡ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ያለ፣ በአጥር የተጠጋጋ ግቢም ከዚህ ብዙ አይለይም፡፡

የትኛው ዓይነት?

ማጥፊያዎች በውስጣቸው በያዙት ነገር ይለያያሉ፡፡ የሚያጠፉት እሳት ደግሞ በሲሊንደሩ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋል፡፡ «ኤ» እንጨት፣ ጨርቅ፣ ወረቀትና ፍራሽ የመሳሰሉትን ያመለክታል፡፡ «ቢ» ቤንዚንና ነጭ ጋዝን የመሰሉ ፈሳሾችን ነው፡፡ «ሲ» ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ በአውሮፓና በቻይና አሠራር ቡታጋዝን የመሰለ ጋዝ ማለት ሲሆን፣ በአሜሪካ አሠራር ኤሌክትሪክ ያለበት እሳት ማለት ነው፡፡ የምግብ ዘይት እሳት በአውሮፓና በቻይና «ኤፍ»፣ በአሜሪካ ደግሞ «ኬ» የሚል ፊደል ተሰጥቶታል፡፡

ውኃ የያዘው ማጥፊያ ለእንጨትና ለጨርቅ ጥሩ ነው፡፡ በኤሌክትሪክና በዘይት ላይ ግን አደገኛ ነው፡፡ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ስለሚያድግ፣ በሚነድ ዘይት ውስጥ የገባ አንድ ጣሳ ውኃ ዘይቱን ከነነበልባሉ ወደ ኮርኒስ ይወረውረዋል፡፡ አረፋ የያዘው ለእንጨትና ለፈሳሽ ነዳጅ ያገለግላል፡፡

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘው ለኤሌክትሪክ ዕቃ የተሻለ ነው፤ ቆሻሻም አይተውም፡፡ ነገር ግን በፍራሽና በእንጨት ፍም ላይ አቅሙ ደካማ ነው፡፡ ሲለቀቅ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ የቀንዱን ጫፍ በእጅ መያዝ ያቆስላል፡፡ በጠባብ ዝግ ክፍል ውስጥም አየሩን ስለሚያፍን ለአንዲት ክፍል ቤት አይመረጥም፡፡

ለአብዛኛው የሐዋሳ ቤት የሚስማማው «ኤቢሲ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ደረቅ ዱቄት ነው፡፡ ፍራሹንም፣ ቤንዚኑንም፣ ሶኬቱንም በአንድ ሲሊንደር ለመከላከል ያስችላል፡፡ ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም፡፡ ሲረጭ ክፍሉን በአቧራ ስለሚሞላው ማየትና መተንፈስ ያስቸግራል፡፡ የሚያቀዘቅዝ ባለመሆኑ የጠፋው እሳት ተመልሶ ሊነሣ ይችላል፤ በተለይም በፓወር ባንክና በመሰል ባትሪዎች ላይ፡፡ «ቢሲ» ብቻ የሚል ዱቄት ደግሞ ለፍራሽና ለእንጨት የማይሆን በመሆኑ ፊደሉን ሳያነቡ መግዛት አያዋጣም፡፡

ስንት ኪሎ?

ባለ 1 ኪሎ ዱቄት የሚረጨው ከ6 እስከ 8 ሰኮንድ ገደማ ነው፡፡ ባለ 6 ኪሎው 15 ሰኮንድ ያህል ይቆያል፡፡ ለሞተር ክፍል የታሰበችው ትንሿ ሲሊንደር የደነገጠ ሰው አነጣጥሮ እስኪረጋጋ ልታልቅ ትችላለች፡፡

ከኪሎው በተጨማሪ ከፊደሉ በፊት ያለው ቁጥር ሊታይ ይገባል፡፡ ቁጥሩ በተጨመረ መጠን የሚያጠፋው እሳት ይተልቃል፡፡ በቻይና ደረጃ መሠረት የተሠራ ባለ 1 ኪሎ የኤቢሲ ማጥፊያ «1ኤ» እና «21ቢ» የሚል ምዘና ሲኖረው፣ ባለ 4 ኪሎው «2ኤ» እና «55ቢ» ነው፡፡ ለአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ባለ 4 ወይም ባለ 6 ኪሎ ተመራጭ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ባለ 6 ኪሎው ከነብረቱ 9 ኪሎ ገደማ ስለሚደርስ፣ ቤት የሚውሉት እናት ወይም ሠራተኛዋ አንሥተው ሊሮጡበት የማይችሉ ከሆነ ባለ 4 ኪሎው ይሻላል፡፡

ዋጋውን ለማወዳደር ቀላሉ መንገድ በኪሎ ማካፈል ነው፡፡ ለምሳሌ የባለ 4 ኪሎው ዋጋ የባለ 1 ኪሎው ሁለት እጥፍ ተኩል ቢሆን፣ ትልቁ በኪሎ ሲሰላ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ረክሷል ማለት ነው፡፡ ቀጥሎ የሚመጣው ዕድሜ ነው፡፡ በቻይና ደንብ የዱቄት ማጥፊያ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በ10 ዓመት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ በ12 ዓመት ከአገልግሎት ይወጣል፡፡ አምስት ዓመት መጋዘን ውስጥ የከረመ ሲሊንደር በአዲስ ዋጋ የገዛ ሰው ግማሽ ዕድሜውን ሳያገኝ ከፍሏል፡፡

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ዕቃው ከመኪና መለዋወጫም ሆነ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ቢገዛ ምርመራው አንድ ነው፡፡ በመጀመሪያ የተሠራበት ዓመት ይታያል፡፡ በሲሊንደሩ ብረት ላይ የተመታው ቀን ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ካልተስማማ ብረቱን ማመን ይሻላል፡፡ ቀጥሎ የግፊት መለኪያው፣ ማለትም ጌጁ፣ ቀስቱ አረንጓዴው ላይ መሆኑ ይረጋገጣል፡፡ ቀዩ ግፊቱ መውረዱን ያሳያል፡፡ በአንዳንዶቹ ላይ ያለው ቢጫ ደግሞ ግፊቱ ከመጠን በላይ መሆኑን ያመለክታል፡፡ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ጌጅ ስለሌለው የሚመረመረው በክብደት ነው፡፡

ጌጁ ግን ሁሉንም አይናገርም፡፡ የሚያሳየው ግፊቱን እንጂ ዱቄቱን አይደለም፡፡ ግማሽ ዱቄት የያዘ ሲሊንደር በአየር ብቻ ተነፍቶ ቀስቱን አረንጓዴ ላይ ሊያቆመው ይችላል፡፡ ስለዚህ ወሳኙ መሣሪያ ሚዛን ነው፡፡ በምልክቱ ላይ ጠቅላላ ክብደት ከተጻፈ፣ ሲሊንደሩን በአቅራቢያ ባለ የእህል ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማመሳከር የሚጠይቀው የአንድ ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው፡፡ ሻጩ ማስመዘን አልፈልግም ካለ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው፡፡

በተጨማሪም ቀለበት ያለው ፒንና የፕላስቲክ ማኅተሙ ያልተነካ፣ ቱቦው ያልተሰነጠቀ፣ አፉ ያልተደፈነ፣ ታቹ ያልዛገና አካሉ ያልተሰረጎደ መሆን ይኖርበታል፡፡ ደረሰኝ መቀበልም አይዘነጋ፤ ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት የሚያከራክረው ወረቀት እሱ ነው፡፡

የት ይሰቀል? እንዴት ይያዝ?

ማጥፊያን ከምድጃው ጎን መስቀል የተለመደ ስህተት ነው፡፡ እሳቱ ከተነሣ በኋላ ለመድረስ እሳቱን መሻገር ያስፈልጋልና፡፡ ትክክለኛው ቦታ ከማድ ቤቱ ወደ ውጪ በሚያወጣው በር አጠገብ፣ ልጆች በማይደርሱበትና አዋቂ በቀላሉ በሚያወርድበት ከፍታ ነው፡፡ ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም ከአልጋ ሥር የተቀመጠ ማጥፊያ እንደሌለ ይቆጠራል፡፡ ፀሐይ የሚያገኘው ቆርቆሮ ግድግዳና ዝናብ የሚያርፍበት በረንዳም አይስማሙትም፡፡

አጠቃቀሙ አራት እርምጃ ነው፤ ፒኑን መንቀል፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር ማነጣጠር፣ እጀታውን መጭመቅ፣ ግራና ቀኝ እየጠረጉ መቅረብ፡፡ ወደ ነበልባሉ ጫፍ የተረጨ ዱቄት ባክኗል፡፡ አጀማመሩ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ፣ መውጫው በር ከኋላ እንዲሆን ተደርጎ ነው፡፡

ከማጥፊያው በፊት የሚቀድሙ ሥራዎችም አሉ፡፡ የኤሌክትሪክ እሳት ከሆነ የሚደረስበት ከሆነ ብሬከሩን መጣል፣ መጥበሻ ላይ የተነሣ ከሆነ ምድጃውን አጥፍቶ በክዳን መድፈን ይቀድማል፡፡ ዘይት ላይ በቅርበት የተለቀቀ ዱቄት በግፊቱ ዘይቱን ሊረጨው ይችላል፡፡ ቡታጋዝ ከሆነ ዋናው ሥራ የሲሊንደሩን መዝጊያ ማጥበቅ ነው፡፡ ጋዙ እየወጣ ነበልባሉን ብቻ ማጥፋት አደጋውን ያብሰዋል፤ ከአየር የሚከብደው ጋዝ ወለል ላይ ተጠራቅሞ በሌላ ብልጭታ ይፈነዳልና፡፡ እሳቱ ኮርኒስ ከነካ፣ ጭሱ ክፍሉን ከሞላው ወይም አንድ ሲሊንደር አልቆ እሳቱ ካልጠፋ ሥራው ማጥፋት ሳይሆን ሰው ማውጣት ነው፡፡

ከግዢ በኋላ ያለው ሥራ

የማጥፊያ ወጪ በግዢ አያበቃም፡፡ በየወሩ ጌጁን፣ ፒኑን፣ ማኅተሙንና ቱቦውን ማየት፣ አቧራውን መጥረግ፣ የዱቄቱን ሲሊንደር ገልብጦ ጥቂት ማወዛወዝ ይመከራል፡፡ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የቆመ ዱቄት ከታች ሊጠቀጠቅ ይችላልና፡፡ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ለባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል፡፡ ይሠራ እንደሆነ ለመሞከር ጭምቅ አድርጎ መልቀቅ ግን ክልክል ነው፡፡ ጥቂት ዱቄት ከመዝጊያው ላስቲክ ጋር ስለሚቀር ግፊቱ ቀስ በቀስ ያመልጣል፡፡ አንዴ የተነካ ማጥፊያ፣ ለሁለት ሰኮንድም ቢሆን፣ መሞላት አለበት፡፡

በማስሞላት ጊዜ ገዢው እንደገና ለማይታየው ጥራት ይጋለጣል፡፡ አዲስ ወረቀት ለጥፎ አየር ብቻ ጨምሮ መመለስ ለማያይ ደንበኛ የሚቀርብ ቀላል ማታለያ ነው፡፡ ስለሆነም ሲከፈት ቆሞ ማየት፣ አሮጌው ዱቄት መውጣቱን ማረጋገጥ፣ ከመሞላቱ በፊትና በኋላ ማስመዘን ይገባል፡፡ ግፊቱ የሚሞላው በደረቅ ናይትሮጅን መሆኑም ይጠየቃል፡፡ ከተራ ኮምፕሬሰር የሚወጣ አየር እርጥበት ስለሚይዝ ዱቄቱን ያረጋዋል፡፡ «ኤቢሲ» በነበረበት ሲሊንደር ውስጥ «ቢሲ» መጨመርም አይፈቀድም፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይዋሐዱና ዱቄቱን ያበላሻሉ፣ ጋዝም ይፈጥራሉ፡፡ የማስሞያው ዋጋ ለአዲሱ ዋጋ ከቀረበ ወይም ሲሊንደሩ ለ10 ዓመት ጥቂት ከቀረው አዲስ መግዛቱ ይሻላል፡፡

የተከራዮች ግቢ

አከራይና አምስት ስድስት ተከራይ በሚኖርበት ግቢ ሌላ ችግር አለ፡፡ ማጥፊያ ቢገዛ የሚጠቀመው ሁሉም ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ሌላው እንዲገዛ ይጠብቃል፡፡ አከራዩ የተከራዮች ጉዳይ ነው ይላል፡፡ ተከራዩም ነገ ለምለቀው ቤት ብሎ ይተወዋል፡፡ እሳቱ ግን ኪራይ የከፈለውን ካልከፈለው አይለይም፡፡

የአንድ ባለ 6 ኪሎ ሲሊንደር ዋጋ ለስድስት ቤተሰብ ሲካፈል እያንዳንዱ የሚያወጣው የአንድ ኪሎ ድርሻ ብቻ ነው፡፡ ያም ሆኖ የሚያገኘው ባለ 6 ኪሎ መከላከያ ነው፡፡ የሰፈር ዕድርም ድንኳንና ድስት እንደሚገዛው ሁሉ ይህንንም ሊገዛ ይችላል፡፡ የጋራ ዕቃ ባለቤት አልባ እንዳይሆን ግን በስም የሚጠየቅ አንድ ሰው መመደብ፣ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ክፍት በሆነና ሁሉም በሚያውቀው ቦታ መሰቀል፣ የከተማው የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥርም ተጠይቆ ከጎኑ መለጠፍ አለበት፡፡

ቀኑ እንዳይረሳ ወርኃዊውን ምርመራ የመብራት ሂሳብ ከሚከፈልበት ቀን ጋር ማያያዝ ይቻላል፡፡ ሂሳቡ ሲከፈል ጌጁ ይታያል፣ ሲሊንደሩ ይገለበጣል፣ ቀኑ በእርሳስ ግድግዳው ላይ ይጻፋል፡፡ ወጪው ዜሮ ነው፤ ተቆጣጣሪም አይጠይቅበትም፡፡